ግማሽ ያለቀ ቆዳ ስንት ብር ነው?

ፋብሪካ ሂሳብ ውስጥ ለመዋሸት የሚመቸው ቦታ የቱ ነው ብትሉኝ፣ መጋዘኑ አይደለም እላችኋለሁ። መጋዘን ያለ ዕቃ ቢን ካርድ (ገቢና ወጪው የሚጻፍበት ካርድ) አለው፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል። ያለቀለት ምርትም ታስሮ፣ ግሬድ ወጥቶለት፣ ስኩዌር ፊቱ ተጽፎበት ነው የሚቀመጠው። የሚመቸው መሃሉ ነው፤ ገብቶ ያልወጣው፣ ጥሬም ያልሆነ ያለቀም ያልሆነ። ኦዲተሩ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ማንም ተነስቶ «ስልሳ በመቶ ደርሷል» ቢለው የሚከራከርበት ነገር የለውም። ስልሳን ሰባ ማድረግ ትርፍ ይጨምራል፣ ስልሳን ሃምሳ ማድረግ ግብር ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ስንት ደርሷል?» የሚለው ጥያቄ በአፍ መመለስ የለበትም የምለው።

እኔ የምሠራው ሞጆ፣ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኮስት አካውንታንት ነኝ። ሞጆን የሚያውቅ ሽታዋን ያውቃል፣ ስለሱ አላወራም። የበግ ሌጦ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ በኖራና በሰልፋይድ ጸጉሩ ይለቃል፣ ሥጋና ጮማው በማሽን ይፋቃል፣ ኖራው ይወጣለታል፣ ከዚያ በጨውና በአሲድ ፒክል ይሆናል። ቀጥሎ ቆዳውን የሚያለፋው ክሮም ይገባበትና ዌት ብሉ ይባላል፤ ሰማያዊ፣ እርጥብ። ዌት ብሉው ተለይቶ፣ ውፍረቱ ተስተካክሎ፣ እንደገና ድራም (የሚሽከረከር ትልቅ በርሜል) ገብቶ ቀለምና ቅባት ይጠጣል፣ ይሰቀላል፣ ይደርቃል፤ ያኔ ክረስት ነው። በመጨረሻ ፊኒሺንግ ገብቶ ያለቀ ቆዳ ይሆናል። በእያንዳንዱ ደረጃ መሃል ክምር አለ። የእኔ ሥራ የክምሮቹን ዋጋ ማወቅ ነው።

የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ለቆዳ ፋብሪካ ከዚህ የከፋ ቀን የለም። ክረምቱ ገብቷል፣ የተሰቀለው ቆዳ ቶሎ አይደርቅም፣ መስመሩ ይጨናነቃል፣ ከኋላ የሚመጣው ይቆለላል። በጥር ቢሆን ቀላል የነበረ ቆጠራ በሰኔ የጎማ ቦቲ ተጫምቶ የሚሠራ ሥራ ይሆናል።

ከብር በፊት ፍሬ። ይህን ለአዲስ ልጆች ሁሌ እነግራለሁ። በወሩ መጀመሪያ የነበረው ሲደመር የገባው፣ ከወጣው፣ ካለው እና ከተበላሸው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህ ሳይገጥም ኤክሴል ላይ ዋጋ ማባዛት የጀመረ ሰው ጊዜውን ነው የሚያቃጥለው። እኛ ዘንድ ደግሞ ፍሬ ማስገጠም ራሱ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ቆዳ አይታይም። ድራም ውስጥ ነው።

የቢምሃውስ (ሌጦው የሚዘፈዘፍበት፣ ጸጉሩ የሚለቅበት ክፍል) ፎርማናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ሰኔ 30 ከአዲስ ኦዲተር ጋር ድራሙ ሥር ቆመን፣ ልጁ በትህትና «ድራሙን ከፍተን መቁጠር አንችልም?» አላቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ኖራ ውስጥ እጁን ሊከት ነው እንዴ?» አሉኝ። ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ ያለ ሌጦ ተቆጥሮ አይመለስም። የሚቆጠረው ካርዱ ነው። በየድራሙ ጎን በፕላስቲክ ተሸፍኖ የሚንጠለጠል የሎት ካርድ አለ፦ ስንት ፍሬ ገባ፣ ስንት ኪሎ መዘነ፣ በስንት ሰዓት ምን ኬሚካል ተጨመረ፣ ማን ፈረመ። ውኃ ነክቶት ቀለሙ የፈሰሰ ካርድ ካለ፣ ቀደም ሲል ከሶኪንግ (ከመዘፍዘፊያው) የወጣበትን መዝገብ አምጥተን እናመሳክራለን። ኦዲተሩም በኋላ ድራሙ ሲራገፍ ቆሞ አስቆጠረ። ከካርዱ ጋር ተገናኘ።

ያው ካርድ ነው ለ«ስንት ደርሷል?» መልስ የሚሰጠው። ቆዳ ላይ ኬሚካል የሚጨመረው በክብደት በመቶኛ ነው፤ ለምሳሌ ክሮም በተፋቀው ሌጦ ክብደት ላይ ከ6 እስከ 8 በመቶ አካባቢ ይሰላል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ የሚጽፈው ፎርሙላ ላይ ከመጀመሪያ እስከ ዌት ብሉ የሚገባው ሁሉ፣ በየትኛው እርከን እንደሚገባ ጭምር አለ። እኔ ያንን ወስጄ ዋጋ አባዛበታለሁ። ለአንድ ሌጦ እስከ ዌት ብሉ የ45 ብር ኬሚካል ይገባል እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የእኛ አይደለም)። ሰልፋይዱ፣ ኖራው፣ ኖራ ማውጫው፣ ጨውና አሲዱ አንድ ላይ 18 ብር ቢሆኑ፣ ቀሪው 27 ብር ክሮሙና ተከታዮቹ ናቸው። እንግዲህ ፒክል ላይ የቆመ ቆዳ በኬሚካል በኩል 40 በመቶ ላይ ነው። ይህ አስተያየት አይደለም፤ 18 ለ45 ሲካፈል ነው።

ጉልበቱና ኦቨርሄዱ (እንደ ኪራይና ጥበቃ ያለው የፋብሪካው የጋራ ወጪ) ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ፍቂያው፣ ቆረጣው፣ ማራገፍና መጫኑ አብዛኛው ከፒክል በፊት ያለ ነው፤ ክሮሙ ከገባ በኋላ የሚሠራው በአብዛኛው ድራሙ ነው። በሰዓት ስንለካው ለምሳሌ 60 በመቶ ይሆናል። ሌጦው ራሱስ? ሌጦው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ 100 በመቶ ነው፤ ግማሽ በግ የለም።

ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ድፍድፉ ውስጥ ብቅሉም ጌሾውም ገብቷል፣ ጠላው ግን ገና ነው። «ግማሽ ደርሷል» ብሎ ብቅሉንም በግማሽ የሚያስብ ሴት የለችም።

ፋብሪካ ውስጥ ግን ይታሰባል። ሰኔ 30 ላይ 5,000 ፒክል አለን እንበል። ሌጦው በፍሬ 60 ብር፣ ኬሚካሉ እስከ ዌት ብሉ 45፣ ጉልበትና ኦቨርሄዱ 20፤ ድምሩ 125 ብር። አንድ ሰው መጥቶ «በግምት ግማሽ ነው» ቢል 5,000 በ125 በግማሽ፣ 312,500 ብር ይመዘግባል። ለያይተን ስናየው ሌጦው 300,000 ብር፣ ኬሚካሉ 40 በመቶ ስለሆነ 90,000 ብር፣ ጉልበቱ 60 በመቶ ስለሆነ 60,000 ብር፤ በድምሩ 450,000። የ137,500 ብር ልዩነት በአንዲት «በግምት» ምክንያት። ያ ብር የትም አልሄደም፤ በስህተት የተሸጠ ዕቃ ወጪ ውስጥ ገብቶ የዓመቱን ትርፍ ቆርጦ ነው የሚቀመጠው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትርፍ መስሎ ብቅ ይላል። ትምህርት ቤት ኢኩዊቫለንት ዩኒት (ያላለቀውን ወደ ያለቀ ቁጥር መመለስ) ሲሉን እንደ ፈተና ጥያቄ ነበር የተማርነው፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይህን አይሠራላችሁም፣ አትጠብቁት። እኛ በየወሩ ኤክሴል ላይ ሠርተን አንድ ጆርናል ነው የምናስገባው። የማይመች ነው ግን ይሠራል።

አሁን እከክ። የቆዳ ሰው ከሆናችሁ ፈገግ ብላችኋል። የበግ ቅማልና መዥገር መሳዩ ኬድ የሚባለው ነፍሳት ሌጦው ላይ የሚተወው ጠባሳ፣ እከክ የምንለው፣ ጸጉሩ ላይ እያለ አይታይም። ገዥው ሲገዛ አያየውም፣ መጋዘን ስንቀበል አናየውም፣ 60 ብራችንን ከፍለን፣ ኬሚካልና ጉልበት ጨምረንበት፣ ጸጉሩ ረግፎ ፒክል ላይ ሲደርስ ነው ነጠብጣቡ የሚወጣው። ለኮስት ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ብልሽቱ የሚታወቅበት ነጥብ የቱ ነው የሚለው የብልሽቱን ዋጋ ማን እንደሚሸከም ይወስናል። ገና ኖራ ውስጥ ያለ ሎት ፍተሻውን አላለፈም፣ ስለዚህ የተጣለውን ፒክል ወጪ አይካፈልም። ያለፈው ነው የሚካፈለው። በየወሩ የምንጠብቀውና የማይቀረው ብልሽት በደህናው ቆዳ ላይ ይጫናል። ከሚጠበቀው በላይ የሆነው ብልሽት ግን አይጫንም። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩም እምቢ ብሎ ድራሞቹ ሳይዞሩ አደሩ፣ ኬሚካሉ ሥር ተኝቶ አንዱን ጎን በላው። ያንን በደህናው ቆዳ ዋጋ ላይ እንድጨምረው ተጠይቄ ነበር። አይ ኤ ኤስ 2 (ዓለም አቀፉ የክምችት ሂሳብ ደረጃ) ያልተለመደ ብክነት የክምችት ዋጋ ውስጥ አይገባም ይላል፣ ቀጥታ ወጪ ነው። ወጪ ሆነ።

አብዛኛው እከክ ግን ቆዳውን አያስጥለውም፣ ግሬዱን ነው የሚያወርደው። እዚህ ላይ ከመጽሐፉ እለያለሁ መሰለኝ። ለአንደኛም ለስድስተኛም ግሬድ እኩል ወጪ ነው የወጣው፣ ድራሙ አይመርጥም። ቢሆንም ዌት ብሉ ክምር ላይ ሁሉንም በአንድ አማካይ ይዞ መቀመጥ ዝቅተኛውን ግሬድ ከሚሸጥበት በላይ አስከፍሎ ማስቀመጥ ነው። ግሬድ ከወጣ በኋላ ክምሩን ቢያንስ ለሁለት ከፍዬ ነው የምይዘው።

አንድ በፍጥነት ልበልና ልለፍ፦ ወለል ላይ ያለ ኬሚካል። በኤስ አይ ቪ (በዕቃ ወጪ ማድረጊያ ደረሰኝ) ከስቶር ወጥቷል፣ ቢን ካርዱ ቀንሷል፣ ሂሳቡ ምርት ውስጥ ገብቷል። ግን ድራሙ አጠገብ ግማሽ በርሜል ፎርሚክ አሲድ፣ ያልተከፈተ ከረጢት ክሮም፣ ሩብ የቀረው ቅባት ቆሟል። ቆዳ ውስጥ ያልገባ ኬሚካል በሂደት ላይ ያለ ሥራ አይደለም። ሰኔ 30 ከሰዓት በወረቀት ወደ ስቶር ተመልሶ ሐምሌ 1 ጠዋት ይወጣል። የስቶር ኪፐራችን በየዓመቱ ያጉረመርማል፣ በየዓመቱ ይፈርማል።

ኦቨርሄዱ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። የአገራችን ቆዳ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ከአቅማቸው በታች ነው የሚሠሩት፤ ይህ ምስጢር አይደለም። ኪራይ፣ እርጅና፣ የጥበቃ፣ የአስተዳደር የምርት ድርሻ አንድ ላይ በወር 1,200,000 ብር ቋሚ ኦቨርሄድ አለ እንበል። ፋብሪካው በደህናው ጊዜ በወር 60,000 ቆዳ ያወጣል። በፍሬ 20 ብር ማለት ነው። በዚህ ወር ግን የሠራነው 24,000 ብቻ ነው። 1,200,000ን ለ24,000 ካካፈልነው በፍሬ 50 ብር ይመጣል። ድራም ስለቆመ ቆዳው የከበረ ይመስላል! ደንቡ፣ ያው አይ ኤ ኤስ 2፣ በመደበኛው አቅም አካፍል ነው የሚለው፦ 24,000 በ20፣ 480,000 ብር ቆዳው ላይ ይጫናል፤ የቀረው 720,000 ብር የወሩ ወጪ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ስሠራ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። «አንቺ እኮ ኪሳራ አሳየሽኝ» አሉ። «ኪሳራውን እኔ አላመጣሁትም፣ ጌታዬ፤ ድራሞቹ ቆመው ነው» አልኳቸው። «ድሮ በዚህ ፋብሪካ ሁሉም ቆዳው ላይ ነበር የሚገባው» አሉ። ልክ ናቸው፣ ድሮ ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847/2006 ወጥቶ አይ ኤፍ አር ኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ግዴታ እስኪሆን ድረስ በየቤቱ ብዙ ነገር ይደረግ ነበር። እኔ ግን ደንቡ ባያስገድደኝም ይህን እመርጥ ነበር። የቆመ ድራም ዋጋ ቆዳው ላይ ከተደበቀ የሽያጭ ክፍሉ ለጣሊያኑ ገዢ የማይገባ ዋጋ ያቀርባል፣ ትዕዛዙ ይቀራል፣ ድራሙ የባሰ ይቆማል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዓመቱን የዘጋነው ገና በዚያው ወር መግቢያ ላይ ነው። ክሮሙ፣ ሲንታኑ (ሰው ሠራሽ የቆዳ ማልፊያው)፣ ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሌጦው በአንጻሩ የአገር ውስጥ ነው፣ እሱም ዋጋው ከወደቀ ቆይቷል፤ በበዓል ማግስት መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት ብርቅ አይደለም። ድሮ የቆዳ ዋጋ ማለት በዋናነት የሌጦው ዋጋ ነበር። አሁን ኬሚካሉ እየቀደመው ነው። ይህ ማለት የኬሚካሉን የመቶኛ ድርሻ አሳስቶ የያዘ ሰው እንደ ድሮው በትንሹ አይስትም።

አማካይ ዋጋና ፊፎ (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) የሚባለው ክርክር ያኔ ነው ነፍስ የዘራው። ዋጋ ሳይንቀሳቀስ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ የፈተና ነው። ዋጋ ሲዘል ደግሞ ልዩነቱ የሚወሰነው ክምሩ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ቢምሃውስ ውስጥ ቆዳ በቀናት ስለሚያልፍ ልዩነቱ የሻይ ነው። ዌት ብሉ ክምር ላይ ግን ቆዳ ትዕዛዝ እየጠበቀ ወራት ይተኛል። ወሩ ሲጀምር 30,000 ዌት ብሉ በ100 ብር ገብቶ ተቆልሏል እንበል፣ 3,000,000 ብር። በወሩ ውስጥ በአዲሱ ኬሚካል የተሠራ 10,000 በ140 ብር ተጨመረ፣ 1,400,000 ብር። 15,000 ወደ ቀለም ድራም ወጣ። በአማካይ 110 ብር ስለሚመጣ የወጣው 1,650,000፣ የቀረው 25,000 ፍሬ 2,750,000 ብር ይሆናል። በፊፎ የወጣው ሁሉ አሮጌው ነው፣ 1,500,000፤ የቀረው 2,900,000። አንድ ወር፣ አንድ ክምር፣ 150,000 ብር። የወጣው በዚያው ወር ተሠርቶ ከተሸጠ ደግሞ ልዩነቱ በሙሉ ትርፍ ላይ ያርፋል።

(ክምሩ ራሱ ፊፎ የሚባል ነገር አያውቅም። ሠራተኛው ከላይ ያለውን ነው የሚያነሳው፣ ሥር ያለው ሥር ይቀራል። በተፈጥሮው ሊፎ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) ነው፣ ሊፎን ደግሞ አይ ኤ ኤስ 2 ከልክሎታል።)

በዚያ ሰሞን «ወደ ፊፎ እንቀየር፣ ትርፉ ከፍ ይላል፣ ባንኩ ደስ ይለዋል» የሚል ሐሳብ ከላይ መጣ። የሂሳብ ዘዴ ግን እንደ ሸሚዝ አይቀየርም፤ ሲቀየር ምክንያት ይጠየቃል፣ የኋላው ዓመት ሁሉ በአዲሱ ዘዴ ተሠርቶ ይቀርባል። አማካይን ይዘን ቀጠልን። ግን ለአስተዳደሩ ብቻ የምትሆን አንዲት ገጽ ጨመርኩ፦ የክምሩ አማካይ በፍሬ ስንት ነው፣ ዛሬ አንድ ዌት ብሉ ብንሠራ ስንት ይፈጃል። ዋጋ የሚሰጠው ሰው ሁለተኛውን ቁጥር አይቶ ነው የሚሰጠው። 110 አይቶ 125 የሸጠ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፣ ክምሩን ሊተካ ሲሄድ 140 ነው።

የቀረው ጥያቄ ክምሩ ወጪውን የሚያህል ዋጋ አለው ወይ ነው። ክምችት ከወጪው ወይም ሊሸጥበት ከሚችለው የተጣራ ዋጋ ባነሰው ነው የሚያዘው። ያላለቀ ቆዳ ላይ ይህን ማስላት እኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ኤክስፖርት ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ፣ ኋላ ክረስትም ተጨመረበት፤ ዓላማው ቆዳው አገር ውስጥ እንዲያልቅ ነበር። በእንደዚያ ዓይነት ሁኔታ የዌት ብሉን የውጭ ገበያ ዋጋ አይቶ «ይኸው ዋጋው» ማለት አይቻልም። የሚሠራው ከመጨረሻው ተነስቶ ወደኋላ መቁጠር ነው፦ ያለቀው ቆዳ የሚሸጥበት፣ ሲቀነስ ለመጨረስ የሚቀረው ወጪ፣ ሲቀነስ የመሸጫ ወጪ። እዚህ ላይ ነው «ለመጨረስ የሚቀረው» የሚለው ቁጥር በአዲሱ የኬሚካል ዋጋ መሠራት ያለበት። ያለፈው ወጪ በአሮጌው ብር፣ የሚቀረው በአዲሱ።

ለጓንት ተብሎ ቀይ የተነከረ፣ ትዕዛዙ የተሰረዘ ክረስት አለን። ዓመት ሊሞላው ነው። በቆጠራው ቀን የምርት ኃላፊው እያሳየኝ «ይሄማ ምንም አይደል፣ ጥቁር እናደርገዋለን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንኛውም ቀለም ጥቁር ይሆናል፣ ጥቁር ነው ሌላ የማይሆነው። እኔም ደብተሬን ከፍቼ «ለመድገም የሚገባው ቀለም በፍሬ ስንት ነው? ቅባትስ ይጨመርበታል? ድራሙን ስንት ሰዓት ይይዛል?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ቴክኒሻኑ ጋር ደወለ። የመጣው ቁጥር ከወጪው ላይ ሲደመር ጥቁሩ ከሚሸጥበት በፍሬ 22 ብር በለጠ። 22 ብሩን በፍሬው ብዛት አባዝቼ ከክምሩ ላይ ቀነስኩ፣ ኃላፊውም ቆጠራ ሺቱ ላይ ፈረመ።